ሠላሳ ቀን ለራስ መቻያ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በባቡር ተነሣሁ።

ወላጅ ያጡ ልጆችን መጠለያ ሰጥቶ ሙያ በሚያስተምር ድርጅት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አስተባባሪ ነበርኩ። ልጆቹን «ራሳችሁን ቻሉ» እያልኩ ስመክር ኖሬ፣ ለጋሾቹ የሥራ መደቤን ሲያጥፉት ምክሩ ለእኔ ደረሰ። አሁን የሶሲዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ጅቡቲ ውስጥ በአንድ ሆቴል አንሶላ እቆጥራለሁ። በቆጠራዬ እስካሁን ስሕተት አልተገኘም።

አገር ቤት ያላችሁ፣ የድሬን ሙቀት አታማርሩ። የድሬ ሙቀት ቢያንስ ሲመሽ ሰውን ደጅ አውጥቶ ያጫውታል፤ የዚህኛው አብሮ አልጋ ላይ ይወጣል። በድሬው ቀፊራ ገበያ እንደ ልቤ የምመርጠው ማንጎም እዚህ አለ። እንደ እኔ ከዚያው መጥቶ፣ እንደ እኔ መንገድ ላይ ጠውልጎ፣ ከእኔ በተሻለ ይከበራል።

ቤት ስፈልግ ያገኘኋት አከራይ ሀጃ ፋጡማ አማርኛ ትችላለች፤ ባትችል ይሻለኝ ነበር።

«ባልሽ የት ነው?»

«አላገባሁም።»

«በዚህ ዕድሜ? ታዲያ ያ ሁሉ ትምህርት ምን አደረገልሽ፣ አባዮ?»

አባዮ በሶማሊኛ እኅቴ ማለት ነው፤ ስድቡ በዝምድና ተጠቅልሎ ቀረበልኝ። ስንት ቢሮ የተንከራተትኩበትን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ካርት ደ ሴዡሩን፣ በጣቷ ወደ ጎን ገፋችው። ወረቀት ሲታመሙ አያስታምምም፣ ዋስ የሚሆን ወንድ አምጪ አለች። የሆቴሉ ምግብ አብሳይ አብዲ፣ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርትን የተሰናበተ፣ ከድሬ አጠገብ ያለችው የሐርላ መንደር ልጅ፣ ለባለ ሁለት ዲግሪዋ ፈረመላት። እንዳልጠፋ ብቻ ለመነኝ።

ስምንት ወር ቆይቶ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሃናን ደወለች። ሃናን ድርጅቱ ያሳደጋት፣ እናት አባቷን የማታውቅ፣ ስፌት ተምራ ገና ፋብሪካ የተቀጠረች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። በደንቡ መሠረት የሙያ ምስክር ወረቀት ያገኘ ወጣት በሠላሳ ቀን ውስጥ መጠለያውን ይለቃል፤ ሠላሳኛው ቀን ነገ ነበር። አራት አከራዮች «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው መልሰዋታል።

«የመጨረሻዋ እንኳን ደኅና ሴት ነበረች፣ እትዬ። ብትታመሚ ማንን ልጥራ? አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ባጃጅ።»

ሳቀች። ከዚያ ማደሪያ ካጣች የት እንደምትሄድ ነገረችኝ። አንዲት ደላላ ዐረብ አገር ልላክሽ ብላታለች፤ እዚያ መኝታው ከሥራው ጋር ነው፤ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ለድርጅቱ አዲስ ኃላፊ ደውዬ አንድ ወር ብቻ እንዲጨምርላት ለመንኩት።

«ደንቡን ደጋግሜ አነበብኩት» አለኝ በትሕትና። «አንድ ቀዳዳ የለውም። አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው?»

እኔው ነኝ። ረቂቁን ሦስት ጊዜ አርሜ «ራስን የመቻያ ጊዜ» የሚለውን ርእስ አስምሬበታለሁ። እነዚህ ልጆች ዋስ ከየት ያመጣሉ የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም። ያኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ምድር ባቡር ተቀጥሮ የኖረው አባቴ ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ትቶልኛል። ልከራየው ብሎ የጠየቀኝን ሁሉ እምቢ ብዬ ዘግቼዋለሁ። ሰው ከገባበት፣ ነገ እመለሳለሁ እያልኩ ራሴን የማታልልበት ምክንያት ያልቅብኛል። ያን ዕለት ለሃናን ስለ ቤቱ ምንም አልነገርኳትም፤ ትዕግሥትን ግን በሚገባ መከርኳት።

በማግስቱ ጠዋት ደወልኩላትና ቁልፉ ጎረቤታችን እማማ ዘውዴ ዘንድ እንዳለ ነገርኳት።

«ስንት ቀን ነው የተፈቀደልኝ?» አለች።

«አልጻፍኩትም» አልኳት።

ከቀትር በፊት ዕቃዋን ይዛ እንድትገባ ተስማማን። እኔ መቼ እንደምመለስ እርሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አላነሣሁም። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሀጃ ፋጡማ ወረድኩና የቤት ኪራይ ውሌን ለአንድ ዓመት አራዘምኩ።