ለሌላው የተተወች ተጫዋች

ዘንድሮ ለተቋቋመው የቼዝ ሊግ ተጫዋቾች የተመረጡት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ነው። ምርጫውን እንድመራ የተጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ጽሕፈቴ ይነበባል፣ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት እወዳለሁ፣ ሰው ሰብስቦ ማስረዳት ደግሞ ከሁሉም በላይ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ አሠራሩን ላስረዳ። ቡድኖቹ አራት ናቸው፤ እያንዳንዱ አምስት ተጫዋች ይይዛል። ሃያ ስድስት ሰው ተመዝግቦ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥና የቡድኖቹ ተወካዮች በተራ አንድ አንድ ስም ይጠራሉ። በመጀመሪያው ዙር ቀድሞ የጠራ በሁለተኛው መጨረሻ ይጠራል፤ ተራው እንዲህ እየተገለበጠ አምስት ዙር ይሄዳል። ስማቸው ያልተጠራ ስድስት ሰዎች ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

በዚህ ላይ ከራሴ አንድ ደንብ ጨመርኩ፦ ተወካዮች ምርጫው እስኪያልቅ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። በከተማችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከተቀመጠ ነገሩን ሳይጨርስ አይነሳም። እኔ ደግሞ ሁሉም ነገር ሰው ፊት፣ በግልጽ እንዲሆን ፈለግሁ። በደንቡ ኮርቼበት ነበር።

ወንበር ስደረድር ቀድማ የመጣችው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በስፌት የምትሠራ ልጅ ነበረች። በማጣሪያው ጨዋታ ማንም አላሸነፋትም።

«ቲቸር፣» አለችኝ፣ «ከተጠራሁ ሥራዬን ወደ ግማሽ ቀን አዞራለሁ፤ ከአለቃዬ ጋር ጨርሻለሁ። ካልተጠራሁ ግን በቃኝ፣ ቼዝ የሚባል አልነካም። እቤት ‹ፈረሱን ልታገቢው ነው ወይ?› እያሉ አሰልችተውኛል።»

«አትጨነቂ፣» አልኳት። ሠንጠረዤ ላይ ስሟ ከላይ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ትንሽ በረድ ሲል ጀመርን። ከተወካዮቹ በዕጣ አንደኛ የወጡት ከጅግጅጋ የመጡት እንግዳ ነበሩ። የፓርኩ ወጣት የቢሮ ሠራተኛ ሁለተኛ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛው ጋሼ ሦስተኛ፣ የመጋላ ሰፈሩ ባለ ሱቅ ሐጂ አራተኛ። እንግዳው ትንሽ አሰቡና ከልጅቷ ሌላ ስም ጠሩ። ገረመኝ። የፓርኩ ልጅም ሌላ ጠራ። ጋሼም፣ ሐጂም እንዲሁ።

በሁለተኛው ዙር ሐጂ ወረቀታቸውን አዩ፣ ወደ ጋሼ ዞረው ፈገግ አሉ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ስም ጠሩ። ጋሼም አጸፋውን መለሱ። ያየሁትን አልተረዳሁትም። ሦስተኛው ዙር አለፈ፣ አራተኛውም አለፈ። እኔ የተጠሩትን ስሞች በማርከር ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ልጅቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሰሌዳውን ታያለች። ስለ ተጫዋች መናገር ለእኔም ክልክል ነበር።

በአምስተኛው ዙር እንግዳው ጠሩ። የፓርኩ ልጅም ጠራ። የቀሩት ሁለት ቦታዎች ብቻ ነበሩ፣ የጋሼና የሐጂ። ያን ጊዜ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሱቅዎ በረንዳ ላይ ይህን ጨዋታ አስተማሩኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አሸነፍኩዎት?»

«ወላሂ፣ መቁጠር ትቻለሁ፣» አሉ ሐጂ። አዳራሹ ሳቀ።

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም! እንጀራሽ ያለው ፋብሪካው ጋ አይደል? ከአሠሪሽ እጅ ልንጠቅሽ እንዴ?»

የፓርኩ ልጅ ከወንበሩ ብድግ አለ። «እኛ ለጋሼ ብለን ነው የተውናት! ቅዳሜ ቅዳሜ ክበባቸው ውስጥ የሚያሠለጥኗት እሳቸው ናቸው።»

«እኔማ የመጋላ ልጅ ናት ብዬ ነው፣» አሉ ጋሼ። «ሐጂን ላስቀይም?»

እንግዳው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም አፌ ላይ ነበረች። ግን ሰው አገር ገብቶ የቤት ልጅ ይዞ መውጣት ነውር መሰለኝ።»

«አቦ!» አለች ልጅቷ። «አራታችሁም ፈልጋችሁኝ ልቀር ነው?»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ክፋት የለውም፤ አንዱ ለሌላው ሲያስብ ነው። ግን ካልተነጋገሩበት ማን ለማን እንደተወ አይታወቅም። በሌላ ቀን ቢሆን ከወንበር ወንበር ተጠራርተው፣ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ተቀላልደው በአንድ ደቂቃ ይጨርሱት ነበር። አፋቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። እጄ ላይ ያለው የደንብ ወረቀት ከዚያው ሥር «በምርጫው መካከል ተወካዮችን ያናገረ ተጫዋች ከዕለቱ ዝርዝር ይሰረዛል» ይላል። እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ወረቀቱን ከመጀመራችን በፊት ለሁሉም አድያለሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ልጅቷ አልተቀመጠችም።

«ይህን የጻፍኩት ማንም ምረጡኝ ብሎ እንዳይለምን ነው፣» አልኩ። «እሷ አልለመነችም፤ ምን እንዳጠፋች ነው የጠየቀችው። ስህተቱ ያለው ተወካዮች አይነጋገሩ በሚለው ላይ ነው። እሱ የኔ ነው። እንድትሰረዝ የሚፈልግ ተወካይ ካለ ይናገር።»

«አትናገሩ አልከን፣ አሁን ተናገሩ ትላለህ?» አሉ ሐጂ። እንደገና ሳቅ ሆነ። የተቃወመ አልነበረም።

ተራው የጋሼ ነበር። ጋሼ ወደ ሐጂ ዞሩና «እርስዎ ይቅደሙ፣» አሉ።

«ኧረ በአላህ፣ እርስዎ!»

«ግድ የለም፣ እርስዎ ይውሰዷት።»

«ጋሼ፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው!» ብላ ጮኸች ልጅቷ። ጋሼ ደንገጥ ብለው ስሟን ጠሩ።

ሰሌዳው ላይ ስጽፍ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «አምስተኛ ላይ ነው?» አለችኝ። በሊጉ ደንብ ተጫዋች የሚቀመጥበት የቼዝ ገበታ የሚወሰነው በተጠራበት ቅደም ተከተል እንደሆነ፣ የመጀመሪያ ገበታ ላይ ብርቱዎቹ እንደሚገናኙ፣ አምስተኛው ላይ ደካሞቹ እንደሚቀመጡ፣ ዓመቱ እስኪያልቅም እንደማይለወጥ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ጥሩ አድርገህ ታስረዳለህ፣» ብላኝ ሄደች።

ግማሽ ቀን መሥራት ጀምራለች። በመጀመሪያው ውድድር ተጋጣሚዋን ቶሎ አሸንፋ ተነሳችና ከመጀመሪያው ገበታ ኋላ ሄዳ ቆመች። የቡድን ጓደኛዋ ንግሥቱን እያጣ ነበር። እጇን አጣጥፋ ታያለች፤ መናገር አይፈቀድላትም። እኔ ዳኞች ጋ ተቀምጬ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ጨዋታው ሲያልቅ ጋሼን በር ላይ ያዘቻቸው። «ለሚቀጥለው ዓመት በመጀመሪያው ዙር ይጥሩኝ። የሚቀየም ይቀየም።»

«እሺ ልጄ፣ እሺ፣» አሉ ጋሼ። ዓይናቸው ግን ሐጂ የት እንደተቀመጡ ይፈልግ ነበር።