ያልተገለጠ ሻሽ

ለፍልሰታ ልቆርብ እየተዘጋጀሁ ስለነበር፣ በማንም ላይ ቂም እንደሌለብኝ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። አልዋሸሁም። ሰውየውን ያየሁት ከዚያ በኋላ በመጣው እሑድ ነው፣ እዚሁ ካምፓላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ።

ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴ ዳቦ ሲያድል ወደ እኛ አግዳሚ ደረሰ። ጦርነት ላይ ጉልበቴን ከተመታሁ ወዲህ ቀኝ እግሬ ስለማይታጠፍ ዘርግቼው ተቀምጫለሁ። እንዳይረግጠኝ ጎንበስ ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ዳቦው ከነሰፌዱ ወደቀ።

«በስመ አብ!» እያለ ማማተብ ያዘ።

አጠገቤ የነበረችው ሴት ሳቀች። «ምነው ወንድሜ፣ ሰው አይተህ አታውቅም?»

«ሞታለች እኮ! ለሰፈር ሽማግሌዎች የነገርኳቸው እኔው ነኝ።»

ያኔ ለየሁት። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ግንባር አብረን ነበርን፣ እሱ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ። ከሆስፒታል ወጥቼ አገሬ ስገባ እናቴ የለችም። ሽማግሌዎቹ መርዶዬን ንጋት ላይ ነግረዋት፣ ተስካሬን አውጥታ፣ ከዚያ በኋላ እህል አልረጋላት ብሎ ሞታለች። ወሬውን ማን እንዳመጣው የነገረኝ አልነበረም። የጦርነት ነገር ነው ብዬ ለእግዚአብሔር ትቼው ነበር።

«በዓይንህ አይተሃል?» አልኩት።

«አይቻለሁ እህቴ። ቃሬዛ ላይ፣ ፊትሽ በሻሽሽ ተሸፍኖ።»

«ለዝንብ ነው እኮ የሸፈኑኝ! ጫፉን ገለጥ አድርገህ ማየት ምን ያቅትሃል?»

«ፈራሁ።»

ሻሽ መግለጥ ፈራ። እናቴን ለመቅበር ግን አልፈራም።

ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ጆሮው ላይ አንሾካሾኩለት፤ ሄደና ከአጥሩ ሥር ቀይ ጡብ አንሥቶ፣ ጫንቃው ላይ አድርጎ እግሬ ሥር ተንበረከከ። አገር ቤት ቢሆን ይቅርታ ጠያቂ የሚሸከመው ድንጋይ ነበር። ይቅር ብዬ በእጄ እስካወርድለት ይጠብቃል።

«በእመቤቴ ይዤሻለሁ ልጄ! ሰው ነው፣ ይሳሳታል» አሉ ሽማግሌው።

«አውርጂለት፣ ጾም ነው!» አለች ሳቂታዋ፣ ዳቦዋን እያኘከች።

ደሜ ፈላ። ልጇ በሕይወት እያለች ፀጉሯን የነጨችው የእነሱ እናት አይደለችም። ለእነሱ ከቅዳሴ እስከ ምሳ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

«እግሬ አይታጠፍም» አልኩት። «ራስህ አውርደው።»

ክራንቼን ይዤ ወጣሁ። በር ላይ ያገኘሁት የቦዳ ሞተር ታክሲ ነጂ እግሬን አይቶ ሞተሩን አዘንብሎ ጠበቀኝ። ዞሬ አላየሁም።

ማታ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። «አባ፣ ያልኩዎትን ልመልሰው። ቂም አለብኝ።»

ሰሙኝና «ጸልዪ፤ እስከ ፍልሰታ ይለቅሽ ይሆናል» አሉ።

ጸለይኩ። አልለቀቀኝም። የፍልሰታ ዕለት ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላ ቆምኩ። ሌሎቹ ሊቆርቡ ሲሰለፉ አባ በዓይናቸው ፈለጉኝ። ባለሁበት ቀረሁ። ይቅር ብያለሁ ብሎ እየዋሸ ሥጋወደሙን የሚቀበል አፍ የለኝም።