ልጄ የቁሐርን ንግግር ስትቀዳ

ልጄ ዶክተር ሰናይት የቋንቋ ምሁር ናት። የአማርኛን የድምፅ ሥርዓት፣ የዐረፍተ ነገር አወቃቀርና ሕፃናት ቋንቋ የሚለምዱበትን መንገድ ስታጠና ከሃያ ዓመት በላይ ሆናት። ለፕሮፌሰርነት ማዕረግ ያቀረበችውን ሥራ የመረመሩት መምህራን ግን ከፎገራ ወረዳ ገበሬዎች የቀዳችው ንግግር የስብሰባ እንጂ የዕለት ተዕለት አይደለም፤ በወሩ መጨረሻ ሌላ ካላቀረበች ማመልከቻዋ ይዘጋል አሉ። በወረታ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ በመሆኔ፣ ቀድሞም ከገበሬዎቹ ያገናኘኋት እኔ ነበርሁ። አሁንም አብሬያት ተነሣሁ።

ኅዳር 9፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት። ከባሕር ዳር በሚኒባስ ወጣን። ሐሙሲት ላይ ሻይ ስንጠጣ ሰናይት የድምፅ መቅጃዋን ሁለት ጊዜ ፈተሸች።

2:30፣ ወረታ። የደብረ ታቦር መገንጠያ በጭነት መኪና ተጨናንቋል። በባጃጅ ወደ ቁሐር ሚካኤል ቀጠልን። የክረምቱ ውኃ ሸሽቷል፤ ሩዙ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ተዘናፍሏል። ሾፌሩ የመጣንበትን ጉዳይ ሲሰማ፣ "እኛ ስናወራ ለመስማትም ዶክተር ይላካል?" ብሎ ሳቀ።

4:00፣ ቁሐር ሚካኤል። ከሥራ ዘመኔ የማውቃቸው ገበሬ አያ ታከለ ጎረቤት ጠርተው በደቦ ሩዝ ያሳጭዳሉ። ሲያዩኝ ማጭዳቸውን ጥለው ሳሙኝ። መቅጃው ሲከፈት ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ቃል እየመረጡ ያስረዱ ጀመር። አጫጆቹም ጸጥ አሉ።

ሰናይት ወደ ጥግ ወሰደችኝ። "አባባ፣ እርስዎ እያሉ የሚናገሩት ለጽሕፈት ቤቱ ነው።"

አያ ታከለን ብጠይቃቸው አልካዱም። "እርስዎ ፊት እንዳመጣልኝ ልቀባጥር? ልጅዎን ላዋርዳት?"

ለዓመታት ያተረፍሁት አክብሮት የልጄን መንገድ ዘግቶ ነበር። የሚካኤልን ደጅ ልሳለም ብዬ ሄድሁና እዚያው ጥላ ሥር ተቀመጥሁ። ጥቂት ቆይቶ ከማሳው የሳቅ ድምፅ መጣ።

6:30። ስመለስ ሰናይት ማጭድ ይዛ ከአጫጆቹ መካከል ገብታለች። መቅጃው በነዶ ላይ ክፍት ነው፤ ሁሉም ያውቃሉ፣ ሁሉም ረስተውታል። "እቴ፣ ሩዙን እያጨድሽው ነው ወይስ ፀጉሩን እያስተካከልሽለት?" ይሏታል አያ ታከለ። እኔን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

9:00፣ በመልስ ጉዞ። ሰናይት ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። አያ ታከለ በሥራ ዘመኔ ሁሉ በፊቴ ያልተናገሩትን ያወጋሉ፦ "አባትሽ አዘራር ሊያስተምረን መጥቶ፣ ጫማውን ረግረግ ውጦበት በካልሲ ወረታ ገባ።"

እውነት ነው። ሰናይት ልቁረጠው ወይ አለችኝ፤ እንዳለ ይቅረብ አልኋት።

መርማሪዎቹ ቅጂውን ያለ ማሻሻያ ተቀበሉት። የዩኒቨርሲቲው ቦርድም የሰናይትን የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ታኅሣሥ 22 ቀን አጸደቀ።