ለማትዋኝ ልጅ የተሰጠ ሜዳሊያ

የእኔ እግር አንድ ቤት አይበቃውም። ሐራ ያለችው ልጄ ዘንድ ጥቂት ከሰነበትኩ ወልድያ ያለው ልጄ ይናፍቀኛል፤ ወልድያ ስቀመጥ ደግሞ መርሳ ያለችው ትንሿ ልጄ ትታየኛለች። «እማዬ፣ አሁንስ አንድ ቦታ ይረፉ» ይሉኛል። እሺ እላለሁ፤ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ መኪና እጠብቃለሁ።

ይህ የማወራው መርሳ ከከረምኩባቸው ዓመቶች በአንዱ የሆነ ነው። የልጄ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ያኔ በየጓሮው ጉድጓድ ቆፍራችሁ የክረምቱን ውሃ አቁሩ የተባለበት ጊዜ ነበር። ውሃው እንዳይሰርግ ጉድጓዱን ጥቁር ፕላስቲክ ያለብሱታል። አይዋሽም፣ ሽንኩርቱም ፓፓያውም በበጋ ውሃ ጠጣ። ፕላስቲኩ ሲሰነብት ግን አረንጓዴ ልጋግ ያወጣል፤ የገባ ሰው መያዣ መጨበጫ የለውም። የጎረቤታችን ልጅ ባልዲዋ ሲያመልጣት ተከትላው ገባች። ሬሳዋን ሲያወጡት ጥፍሮቿ ተላልጠው ነበር። ስትቧጥጥ ቆይታለች ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ ሆነን ሽንኩርት እንኮተኩት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልጄ እንቅልፍ አጣች። የእሷም ልጅ ማለዳ ማለዳ ከጓሯችን ካለው እንዲያ ያለ ጉድጓድ ነበር ውሃ የምትቀዳው። «እጠሩት እንጂ» ብል፣ አማቼ «በምን እንጠረው? እንጨቱን ከየት አምጥተን?» አለኝ። ይህን ስንባባል አንድ ወጣት የስፖርት አስተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ወንዙ ላይ ካለው ኩሬ ወስዶ ዋና ሊያስተምር ነው ተባለ። ልጄ ደስታዋን አልቻለችውም። «እማዬ፣ እርስዎ ሥራ የለብዎ፣ ይውሰዱልኝ። ብትወድቅ እንኳ ወጥታ ትድናለች» አለችኝ።

ወሰድኳት። ሾላው ሥር ቁጭ ብዬ አያለሁ። አስተማሪው ኩሬውን ለተሻገረ ልጅ እስክሪብቶ ይሸልማል፤ ያስጨበጭብለታል። ተሸላሚው እስክሪብቶውን ጠጉሩ ውስጥ ሰክቶ ሲንጎራደድ ይውላል። ላቃተው ደግሞ ጀርባው ላይ ትልቅ ቅል ያስርበታል። ቅሉ ልጁ እንዳይሰጥም ነው፤ እሱስ ደግ። ግን ልጁ ቅሉን እንዳዘለ በአስፋልቱ ዳር አድርጎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ መፍታት አይቻልም። የልጅ ልጄ ባለቅል ሆነች። የሚያልፍ መኪና ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እማማ፣ የምትሸጡት ቅሏን ነው ልጅቷን?» ሲል መንገደኛው ሁሉ ይስቃል። እሷ ጉንጯ እርጥብ ነው፤ የወንዙ ውሃ ይሁን እንባዋ አይለይም።

አንድ ቀን አስተማሪውን ጠጋ ብዬ፣ «ልጄ፣ ውሃ ለደፈረ ሁሉ ብትሰጣቸውስ?» አልኩት።

«እማማ፣ ለሁሉም ከተሰጠማ ሽልማት ምኑን ሆነ? ቀለብ ነው እኮ። ያፈረ ልጅ ይማራል።»

እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ ወደ ሾላዬ ተመለስኩ። ያፈሩት ግን ቀሩ። አንዷ ራሴን አመመኝ አለች፣ አንዷን እናቷ አስቀረቻት፣ ሴቶቹ ሁሉ እንዲህ እንዲህ እያሉ አለቁ። የእኔዋ ብቻ እናቷ በአለንጋ እያባረረቻት ከወንዶቹ ጋር ቀረች። ቅሉ ካለ እጇን እያንቦጫረቀች ትሄዳለች፤ ሲፈታ ቁልቁል ነው።

በጋው ሲያልቅ የልጆቹን ዋና ሊያዩ እንግዶች መጡ። ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያ ጮኸ፣ የወንዶቹ ስም ተጠራ። ከእንግዶቹ አንዱ ወደ አስተማሪው ጎንበስ ብሎ፣ «ሴቶቹስ? የሴቶች ተሳትፎ የት አለ?» ሲለው እኔ ከኋላቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። አስተማሪው ላብ በላብ ሆነ። ግራ ቀኙን ቃኘና የልጅ ልጄን በእጁ ጠራት።

«እኔ እኮ ባለቅል ነኝ» አለችው።

«ዝም በይ!» ቅሉን ፈታና ቁጥቋጦው ውስጥ ወረወረው። ጆግ ሙሉ ውሃ ራሷ ላይ ገለበጠባት። ጠብ ጠብ ስትል ዋኝታ የወጣች መሰለች። «ከሴቶች አንደኛ!» ተባለ። እንግዳው ቢጫ ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አጠለቀላት፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም አፌ ቀደመኝና እልል አልኩ። እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ሌላ ሆነች። ሜዳሊያውን አድርጋ ትበላለች፣ አድርጋ ትተኛለች። ቀድሞ ጉድጓዱ ዳር ስትደርስ ተንበርክካ በረዥም ገመድ ነበር የምትቀዳ። አሁን እግሯን ፕላስቲኩ ላይ አንጠልጥላ ትቀመጣለች። «እንዴ፣ ተነሽ!» ስላት፣ «እምዬ ደግሞ! እኔ እኮ አንደኛ ነኝ» ትለኛለች። ለእናቷ ብነግራትም አልሰማችኝ።

«ልጅቷ አትዋኝም። ውሃ አፍስሰውባት ነው ያቆሟት።»

«እማዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያልሆነውን ይሸልማሉ? ዕድሜ ነው እንዲህ የሚያስፈራዎ።»

አንድ ማለዳ ከጓሮ ጫጫታ ሰማሁ። የሰፈሩ ልጆች ጉድጓዱን ከበውታል። የልጅ ልጄ ጫፉ ላይ ቆማ ቀሚሷን ወገቧ ላይ እየቋጠረች ነው፤ ልትዘል። ብጮህባት እንደምትዘል አውቄያለሁ፤ ድምፄን አለሰለስኩ።

«አንቺ የኔ እመቤት፣ እዚህ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ምን ይታያል? ወንዙ ላይ አሳዪን እንጂ። ከተሻገርሽ ይህን እሸልምሻለሁ» ብዬ የአንገቴን የብር መስቀል አወጣሁ። የእናቴ ነው፤ ልጆቼ እንኳ ጠይቀው የከለከልኳቸው።

ዓይኗ በራ። ልጆቹ እየዘለሉ ተከተሉን። እኔ ከነቀሚሴ ኩሬው ውስጥ ገብቼ እስከ ደረቴ ድረስ ቆምኩ። «ነይ» አልኳት። ሜዳሊያዋን እንዳደረገች ዘለለች።

ገባች። ብቅ ስትል አፏ ተከፍቷል፤ «እም» አለች፣ አልጨረሰችውም። አጠገቤ ናት፣ ክንዴን ብዘረጋ እይዛታለሁ። ሁለት እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እርስ በርሱ አስያዝኩት። አሁን ካወጣኋት «ልዋኝ ስል ያዙኝ» ትላለች፤ ነገ ጉድጓዱ ዳር ትመለሳለች። ደግሞ ገባች። እግሬን ቧጠጠችኝ፤ በጥፍሯ። የጎረቤታችን ልጅ ጥፍር ትዝ አለኝ፤ ያኔም እጄን አልፈታሁም። መቧጠጡ ሲላላ ነው ጎንበስ ብዬ በጠጉሯ የጎተትኳት።

ድንጋዩ ላይ በሆዷ አስተኛኋት። ውሃ አስመለሳት። ልጆቹ ፈርተው ወደ ኋላ ሸሽተው ነበር፤ ስታስል ጊዜ ተንጫጩ።

«አንደኛዋ ኩሬውን ጠጣችው!»

«ኧረ ቅሏን አምጡላት!»

ዱላ አንስቼ ላባርራቸው እችል ነበር። ተውኳቸው፤ ይሳቁ ብዬ። እስኪበቃቸው ከሳቁ በኋላ ነው የተናገርኩት፣ በእነሱው ፊት።

«አትዋኚም። ሜዳሊያውን የሰጡሽ ሌላ ሴት ስለጠፋ ነው። ሰማሽኝ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከተወለደች ጀምሮ አንቱ ነበር የምትለኝ። «አንቺ መጥፎ አሮጊት» አለችኝ፤ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ሜዳሊያው አንገቷ ላይ የለም፤ ኩሬው ውስጥ ቀርቷል። መስቀሌን ወደ ደረቴ መለስኩ።

ልጄ ስትሰማ አበደች። «ልጄን ሊገድሉብኝ ነበር! እርስዎን ብዬ ባምንዎ!» አማቼ በእኔና በእሷ መካከል ቆመ። ልጅቷ ከእጄ እንጀራ አልቀበል አለች፤ ጉርሻ ሳቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። ጉድጓዱ አጠገብ ግን ዳግመኛ አልደረሰችም፤ በጓሮ በኩል ማለፍ እንኳ ተወች። ውሃውን እናቷ ትቀዳ ጀመር። ይህን ካየሁ በኋላ ነጠላዬን አጣፍቼ ሐራ ሄድኩ።

ዛሬ የልጅ ልጄ ባል አግብታ ወልድያ ትኖራለች። ስሄድ ተነስታ ትቀበለኛለች፣ አንቱ ትለኛለች፣ ጥሩውን መደብ ለእኔ ትለቃለች። ባለፈው የሄድኩ ለታ ሕፃኗን ልታጥብ በሳፋ ውሃ አቅርባ ነበር። ውሃው ከክርን አያልፍም። ወገቧን እያመማት ጎንበስ ስትል አየሁና፣ «አምጫት፣ እኔ ልጠባት፤ አንቺ እረፊ» ብዬ ልጅቷን ከእቅፏ ተቀበልኳት። ትንሽዬ እግሯን ሳፋው ውስጥ ልነክር ስል እናቷ እጄን ያዘችው።

«እምዬ፣ ይስጡኝ።»

«ምነው? ሞቅ ያለ ነው እኮ።»

«ውሃ አጠገብ ልጄን አይያዙብኝ» አለችኝ። አልጮኸችም።

ሰጠኋት። ጨርቅ ነክራ ጨምቃ፣ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ታብሳት ጀመር። ሳፋውን አንስቼ ውጭ ደፋሁት።