ያፈንኩት ማስጠንቀቂያ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ኢንተርኔት በሚጠፋባቸው ወራት ፕሮግራም ሁሉ የሚደርሰን በፍላሽ ነው። አንዱ አዲስ አበባ ሲሄድ ያወርዳል፤ ሲመለስ ፍላሹ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንድ መጥፎ ልማድም አብሮት ይዞር ነበር። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ፓኬጅ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ቨርዥን ጋር አልሠራም ብሎ እንቢ ሲል፣ ዝም ብለህ ተጫን የሚል ትእዛዝ እንሰጠዋለን። ሌላ ቨርዥን ከየት ይመጣል? እኔማ በዚህ እታወቅ ነበር፤ እንቢ ያለውን ሁሉ በግድ ጭኜ እመልሳለሁ።

ማስተርሱን የሚማር አንድ መምህር የስንዴ ዋግ በሽታን በፎቶ የሚለካ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ፕሮግራሙ ቀርፋፋ ስለነበር ስሌቱን የሚያፋጥን ሞጁል ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ ገነባሁለት። በረረ። ከወር በኋላ ፍላሹ ሞጁሉ የሚጠቀምበትን የቁጥር ፓኬጅ አዲስ ቨርዥን ይዞ ሲመጣ ደስ ብሎኝ መምህሩ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩለት። ሞጁሉን ግን እንደገና አልገነባሁትም። እንዲህ ያለ ሞጁል ሲገነባ ፓኬጁ ቁጥሮቹን ኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ የት የት እንደሚያስቀምጥ ለክቶ ይይዛል፤ ፓኬጁ ሲቀየር ከተሳሳተ ቦታ ሊያነብ ይችላል። ይህን አውቃለሁ፤ እንዲያውም ለተማሪዎች አስተምሬዋለሁ። ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ መምህሩ፣ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲል ጠየቀኝ።

"ተወው፣ ይለፍልፍ" አልኩትና ማስጠንቀቂያውን የሚያጠፋ መስመር ጨመርኩበት።

መምህሩ የማስተርስ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት በሚያቀርብበት በዲፌንሱ ቀን ጠዋት ፕሮግራሙን ለማሳያ ብዬ ላብራቶሪው ኮምፒውተር ላይ አዘጋጀሁት። ሞጁሉ እዚያ ስላልነበረ አዲስ ገነባሁ። ጽሑፉ ውስጥ ያለውን ፎቶ ስሰጠው እዚያ ከተጻፈው የተለየ ቁጥር አወጣ። ሌላ ፎቶ ሞከርኩ፤ እሱም ተለየ። ጽሑፉ ውስጥ ዋግ መታው የተባለው ቅጠል ጤነኛ ነበር። ላፕቶፑ ላይ የቀረው አሮጌው ሞጁል ከተሳሳተ ቦታ ሲያነብ ኖሯል፤ የሁለት ዓመት ልፋቱን እኔው አበላሽቼበታለሁ።

ወደ ዲፌንሱ አዳራሽ ከመግባቱ በፊት መምህሩን ጠርቼ ነገርኩት። አልጮኸብኝም። ከረባቱን አላላ።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"አሁን።"

"እንግዲያው አልገባም" አለ። "አባቴ ግን ከደብረ ኤልያስ መጥተው ውጭ ቆመዋል። ፊታቸውን ማየት አልችልም። እርስዎ ይንገሩልኝ።"

ወጣሁ። ሽማግሌው አዲስ ጋቢ ለብሰው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ልጃቸው ስለ እኔ ነግሯቸው ኖሮ፣ አፌን ሳልከፍት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ልጄን ሲያግዙ የከረሙት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ሥራውን ያበላሸሁበትም እኔው ነኝ" አልኳቸው።