ለኮምፒውተሩ የማይዋሽ ሰው

ከጀውሃ የወጣነው መግሪብ ተሰግዶ፣ የማሽላ ጆንያ በጫነ መኪና ነው። ኬላው ላይ ባሌ ሰይድ ለሠርግ ኮምቦልቻ እንደምንሄድ ተናገረ። ጠባቂው ጓዛችንን አይቶ «ፍራሽና ድስት ይዞ ሠርግ የሚሄድ ዛሬ ገና አየሁ» አለና ሰይድ ያስጨበጠውን ተቀብሎ አሳለፈን። እናቴን ሳልሰናበት የወጣሁት ሰይድ «ታለቅስና ሰፈሩ ይሰማል» ስላለኝ ነው። ሰውየውን ያኔ ማወቅ ነበረብኝ።

በጅቡቲ፣ በባሕር፣ በየመን አድርገን ጅዳ ገባን። ሙቀት ለይፋት ልጅ ብርቅ አይደለም፤ የኛ ግን ሲመሽ በወንዙ በኩል በረድ ይላል፣ የጅዳው ግድግዳው ውስጥ ያድራል። እኔ ሰው ቤት ማጽዳት ያዝኩ፣ ሰይድ ሱቅ ተቀጠረ፤ አሠሪው መኖሪያ ፈቃድ አወጣለት፣ እኔም በሱ ስም ተመዘገብኩ። ብዙም ሳይቆይ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም አሮጌ ኮምፒውተር ገዛ፤ የቤት ገቢና ወጪ በአረብኛ የሚመዘግብ ፕሮግራም በካሴት ነበረው። አከራያችን ይህን ሲሰሙ «ኮምፒውተር ያለው ድሃ አይባልም» ብለው ኪራይ ጨመሩብን። ሰይድ ጭማሪውንም መዘገበ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቀበሌ ሆነ። ሳሙናው ለምን ቶሎ አለቀ፣ ቲማቲሙ ለምን ተወደደ እያለ ይመረምረኛል። ደሞዜን ተቀብሎ፣ ከሱ ላይ ለእናቴ በነጋዴ እጅ በየወሩ እንደሚልክ ይነግረኛል። በዚያ ዓመት በወረዳችን በቀወት ዝናብ ቀርቶ ማሽላው ሳያፈራ እንደደረቀ ሰምተን ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ቀድሜ ገባሁ። ሰይድ መስጊድ ሄዷል፣ መዝገቡ ቴሌቪዥኑ ላይ ተከፍቷል። አረብኛ አታነብም ብሎ ይሆናል። እኔ ግን ፊደሉን ቁርኣን ቤት ቆጥሬያለሁ፤ «መስሩፍ» ወጪ፣ «ተውፊር» ቁጠባ መሆኑንም ከአሠሪዬ ሰምቻለሁ። የእናቴ ስም በየወሩ ተጽፏል፣ የተጻፈው ግን በተውፊር ሥር ነው። አንድም ሪያል አልሄደላትም። እኔን ሲዋሸኝ ኖሮ ለኮምፒውተሩ እውነቱን ይነግረው ነበር።

ሲመጣ ጠየቅኩት። አላፈረም።

«ለቤት መሥሪያ ነው። እናትሽ ብታገኘው ትበላው ነበር» አለኝ።

«እንድትበላው ነበር የምሰጥህ» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሞዜን አላስነካውም። የመኖሪያ ፈቃዴ በሱ ስም ስለሆነ ጥዬው መሄድ አልቻልኩም፤ በአንዲት ክፍል እንደ ባላንጣ ጀርባ ተሰጣጥተን እናድራለን።

በሳምንቱ ሸዋሮቢት ቴሌ ደወልኩ። እናቴን አስቀድሜ በሰው አስጠርቻት ነበር። ስለ ገንዘቡ ጠየቅኳት።

«ደርሶኛል ብያለሁ» አለች።

«ለማን?»

«ለጎረቤቱ። ልጅሽ ረሳችሽ ከሚሉኝ።» ቀጥላም «ሰይድስ? ደህና ይዞሻል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ይዞኛል» አልኳት።