በሙጫ የተሸፈነው የቅጠል ጀርባ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ ጠርቷት የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «እትዬ ሙጫ» ይላታል። ከየጫካው የሚመጣውን የደረቀ ተክል ወፍራም ወረቀት ላይ እየለጠፈች ሃያ ሦስት ዓመት ኖራለች። ሥራው እርጋታ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ እርጋታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ብሩሿን አስቀምጣ መስኮት ትዘጋለች፣ መልሳ ትከፍታለች፣ ሻይ አስቀድታ ትረሳለች። የሚገርመው፣ እጇ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ዝንፍ አይልም።

ሰኞ ዕለት የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር አንድ የቆየ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ሲዘረጋ ገና ከሩቁ አወቀችው። ቁጥር አርባ አንድ፣ ፈርን፤ አበባ የማያወጣ፣ ጥላ የሚወድ፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ የጫካ ተክል። ያመጣው ባሏ ነው። የደን ጠባቂ ነበር፤ በተጋቡ በዓመቱ ከገደል ሥር ቆርጦ በታጠፈ ጋዜጣ መሃል አድርቆ አመጣላት። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጫካውም ዛሬ የመኪና መንገድ ሆኗል።

ተክሉ ከሁለት ዝርያዎች አንዱ መሆኑን ዶክተሩ ነገራት። ከአገዳው ግርጌ ያለው ቡናማ ቅርፊትም ሆነ የቅጠሉ ጠርዝ በሁለቱም ላይ አንድ ነው። የሚለያቸው ከቅጠሉ ጀርባ ያሉት፣ ዘር ሆኖ የሚበተነውን ብናኝ የሚይዙት ነጠብጣቦች ናቸው። ክብ ከሆኑ በየጓሮው የሚበቅለው ተራ ፈርን ነው። እንደ ጥፍር ቁራጭ ከጎበጡ ግን ገና ስም ያልወጣለት፣ ያልተመዘገበ ዝርያ ነው።

«ጀርባውን ማን እንዲህ በሙጫ እንደደፈነው እንጃ» አለ። «ልላቅቀው ብል ይበጣጠሳል። ዓርብ ዝርዝሩን እዘጋለሁ፤ እስከዚያ ካልታወቀ ማንነታቸው ያልታወቀ ተክሎች ሳጥን ውስጥ ይገባል።»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። አንድ ቅጠል ገልብጦ ጀርባውን ማሳየት የለጣፊ ሀ ሁ ነው። እሷ ግን ያኔ አዲስ ሙሽራ፣ አዲስ ለጣፊ ነበረች፤ ለባሏ እንዲያምርለት ብላ ሁሉንም ቅጠሎች ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋ በጀርባቸው ለጠፈቻቸው። እኔ ነኝ ማለት ከበዳት።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣች። ማክሰኞ በሌላ ቅጠል ላይ እንፋሎት ሞከረች፤ ቅጠሉ እንደ ረጠበ ሶፍት እጇ ላይ ቀረ። ረቡዕ ከሥራ ገብታ ሳሎኑን ስትመላለስበት ልጇ፣ «እማዬ፣ ኧረ ወለሉን ጨረስሽው» ብላ አስቀመጠቻት። ተቀመጠች፣ ተነሳች። እንደ ቆመች ቀረች። እርጥብ ፈርን ጋዜጣ ውስጥ ሲጫን ብናኙን ያራግፋል፤ የነጠብጣቦቹም ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ያን ጋዜጣ ደግሞ አልጣለችውም፤ የቁም ሣጥኑ መደርደሪያ ላይ አንጥፋዋለች፣ ከባሏ ልብስ ሥር።

ያን ልብስ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንንም አላስነካችም። ልጇ ለሰው እንስጠው ባለች ቁጥር ተኮራርፈዋል። አሁን አንድ በአንድ አውጥታ አልጋው ላይ ደረደረችው። የጥበቃ ዩኒፎርሙን መጨረሻ ላይ አነሳች። ከሥሩ እንደታጠፈ የተነጠፈ፣ የወየበ ጋዜጣ አለ፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ፣ በባሏ ወልጋዳ ጽሕፈት፣ «አርባ አንድ» ይላል። ቀስ ብላ ገለጠችው። ግማሹ ተበላሽቷል። በቀረው ግማሽ ላይ ግን ሁለት ረድፍ ቡናማ ምልክት ተሰልፏል፤ ሁሉም ጎባጣ።

በማግሥቱ ትሪ ላይ አስተኝታ፣ የፎቶ መስታወት አልብሳ ወሰደችው። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ቢለቁላትም እንዳይነኩባት ብላ ቆማ ሄደች። ዶክተሩ በአጉሊ መነጽር አይቶ አይቶ ቀና አለ።

«አዲስ ነው» አላት። «የሰብሳቢው ስም አልተጻፈም፤ ማን ነበር?»

«ባሌ። ጀርባውን የደፈንኩትም እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ አጉሊ መነጽሩን አስቀመጠ። ከዚያም ጋዜጣው ማስረጃ ስለሆነ ከቅጠሉ ጋር መኖር አለበት፣ ለጥፊው አላት። ብሩሿን አንስታ ቆመች። የነጠብጣቦቹ አሻራ በአንድ ፊት፣ የባሏ ጽሕፈት በሌላው ፊት ነው። አንዱ ላይ ሙጫ ከቀባች ያ ፊት ጠፋ።

በአንደኛው ጠርዝ ብቻ ቀጭን መስመር ቀባች። ማንም መጥቶ እንዲገልጠው ሌላውን ልቅ ተወችው።